ቦምብ የታጠቀ ወራሪ ሲነሣ የጦር ኪዳን ያላቸው አገሮች ይግቡ ወይስ ዳር ይቁሙ?

መምህር ዘጠባሴ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የሚካኤል ማኅበራችን ላይ ጠላው ገና አንድ ዙር ሳይዞር የተነሣ ክርክር ነው፤ ሌሊቱን ሲከነክነኝ አድሮ እዚህ ላወጣው ወሰንኩ። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ዩክሬን ውስጥ በወራሪዋ በሩሲያ ሚሳኤል የተመታ የመኖሪያ ሕንፃ አሳየን። ግድግዳው እንዳለ ወርዷል፤ ከላይኛው ፎቅ የአንድ ሰው ማድቤት ለመንገደኛ ተገልጦ ይታያል፤ ድስቱ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ነው። አባታቸው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የዘመቱ አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው ድስቱን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «ይሄ ኔቶ የሚሉት የምዕራባውያን የጦር ኪዳን ይህን ሁሉ ጦር ይዞ ምን ይጠብቃል?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው «ኒውክሌር ነዋ አባቴ! እነሱ ከገጠሙ እኛም እዚህ አንተርፍም» ብሎ መለሰላቸው። ተካረርን፤ ማኅበሩ እስኪበተንም አልተግባባንም።

እኔ ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ይህን ጥያቄ 1928 ዓ.ም.ን ትቼ ማሰብ አልችልም። በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነናል። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ ቃሉን አፍርሶ አንዱን አባል በጦር የደፈረ ሁሉንም እንደ ደፈረ ይቆጠራል ይላል። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ሲሻገር ማዕቀብ ተጣለበት፤ ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፣ የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቹ ክፍት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» ብለው ነበር። ለሁለቱም! ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ አለው፤ እኛ ጥይቱን ከውጭ ነው የምንገዛው። ንጉሡ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ከተናገሩ በኋላ መልእክተኞቻችን መከላከያ የሚሆን ብድር ጠየቁ፤ ድምፅ ሲሰጥ የደገፈው የኢትዮጵያ ድምፅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ኔቶ ወታደሩን አሰልፎ ከሩሲያ ጋር ፊት ለፊት መግጠም የለበትም ባይ ነኝ። ይህን የምለው ሩሲያን ፈርቼ አይደለም፤ የማይመለስ ነገር ስላለ ነው። ወታደር አልልክም ያለ ግን ለተወረረው ሰው መሣሪያውን በጊዜውና በበቂው የመስጠት ዕዳ አለበት። የጀርመኑ ሊዮፓርድ ታንክ እንዲሰጥ የተወሰነው ጦርነቱ ከጀመረ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ኤፍ 16 አውሮፕላን ዩክሬን የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት፣ ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ። ለቀብር የደረሰ እርዳታ ለሟች ምኑ ነው? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የጅሩ ልጅ

መምህር፣ ታሪኩን ስላስታወሱን እግዜር ይስጥልን። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ እዘራለሁ። ያ ጦርነት በጀመረበት በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለና ለሁለት ጥማድ እገዛ የነበረውን ለአንድ ጥማድ ገዛሁ። ሌላውን ማሳ ያለ ማዳበሪያ ዘራሁት። ስንዴው ቢጫ እንደ መሰለ ከጉልበቴ በታች ቀረ፤ አጎንብሰን አልነበረም ያጨድነው፣ ቁጢጥ ብለን ነው። ሁለቱም ማሳ በአንድ ድንበር ነው የሚለየው፤ ልዩነቱን ያየ መንገደኛ ሁሉ «ምን ነካው?» ይለኝ ነበር።

ይህ እንግዲህ ኔቶ ሳይገባ ነው። ቢገባስ? በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ 23 ሺህ ቶን ስንዴ የጫነች መርከብ ከዩክሬን ወደብ ተነሥታ ለእኛው አገር እርዳታ በጅቡቲ በኩል መጥታለች። ያቺን መርከብ ያሳለፋት ጦር ሳይሆን ስምምነት ነው፤ ቱርክና የተባበሩት መንግሥታት ተዋዋዮቹን አስፈርመው። ኔቶና ሩሲያ ባሕሩ ላይ ቢታኮሱ ኖሮ ያ ስንዴ ወደቡ ላይ ይነቅዝ ነበር። ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚረገጠው ሳሩ ነው፤ ሳሩ ደግሞ እኛ ነን። መሣሪያውም ቢሆን ጦርነቱን ከማርዘም በቀር ምን ፈየደ? አሸማጋይ ይብዛ ባይ ነኝ።

መንዜው

ወንድሜ የጅሩ ልጅ፣ የማሳህ ነገር ያሳዝናል፤ ግን «አሸማጋይ ይብዛ» የምትለው የወረረው ሰው መሸምገል ሲፈልግ ነው። ተወራሪው ባዶ እጁን ከሆነ ወራሪው ለምን ብሎ ይሸመገላል?

እኔ የማነሣው ሌላ ነው። እኛ አገር፣ መንዝ ዘረት፣ አመጸኛ ዋሻ የሚባል አለ። ሚያዝያ 1931 ላይ ከራስ አበበ ወገን የሆኑ አርበኞች ቁስለኛውን፣ ሽማግሌውን፣ ሴቱንና ሕፃኑን ይዘው ዋሻው ውስጥ ተጠለሉ። የጣሊያን ጦር ከቦ በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ከእልቂቱ 60 ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከአገሩ መዝገብ ቤት ባገኘው ሰነድ ተመርቶ ሲገባ የሰው አጥንት አሁንም እዚያው ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ገብቻለሁ። ከአፉ ራቅ ስትል የእህል ጎተራ ስባሪ አለ፤ ጭቃው ላይ የሴት ጣት አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። ጎተራ የሠራች ሴት እንግዲህ ከርማ ልትወጣ ነበር ያሰበችው።

ይህን ያነሣሁት ያ ጋዝ የዚያን ጊዜ ኒውክሌር ስለነበረ ነው። ጣሊያን ጋዝ በጦርነት እንዳይጠቀም የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ውል ፈርሟል። ማይጨው ዘመቻ ላይ ረጨው፤ ዓለም ሰማ፣ ዝም አለ። ዝም ስላለ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋሻ ውስጥ ባሉ ሕፃናት ላይ ደገመው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ዛሬም «ቦምብ አለኝ» ያለ ሁሉ የጎረቤቱን መሬት ሲወስድ ዓለም ከፈራ፣ ቦምብ የሌለው አገር ሁሉ ቦምብ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ኔቶ መግባት ነበረበት፤ ቢያንስ መጀመሪያው ወር ላይ የዩክሬንን ሰማይ መዝጋት ነበረበት። ዩክሬናውያን ለምነውት ነበር፣ እምቢ አለ።

ፊዚክስ ከጫጫ

መንዜው ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የጎተራው ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ንጽጽሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ሳላነሣው ባልፍ ሥራዬን መካድ ይሆንብኛል።

ጋዝ የሚረጨው በረጪው ልክ ነው፤ ረጪውን ብታቆመው ይቆማል። ኒውክሌር እንደዚያ አይደለም። ሂሮሺማ ላይ የወደቀው 15 ኪሎ ቶን ገደማ ነበር፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 140 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ዛሬ ሚሳኤል ላይ የሚጫነው አብዛኛው የዚያ ብዙ እጥፍ ነው፤ ሩሲያና አሜሪካ እያንዳንዳቸው ከ5 ሺህ በላይ አላቸው። ከአህጉር አህጉር የሚተኮሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚፈጅበት። ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ አንኮበር ሳትደርስ ማለት ነው። ያ ግማሽ ሰዓት እኮ ራዳር ያየበት፣ ለመሪ የተነገረበት፣ የተመከረበት፣ የተወሰነበት ሁሉ ተደምሮ ነው።

እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1983 ሌሊት የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ጣቢያ «ከአሜሪካ ሚሳኤል ተተኩሷል» ብሎ ጮኸ፤ አንድ፣ ከዚያ እስከ አምስት። ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ «አሜሪካ ጦርነት ብትጀምር በአምስት ሚሳኤል አትጀምርም» ብሎ አሰበና የማሽን ስሕተት ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ልክ ነበር፤ ሳተላይቱ ከደመና ላይ የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነበር ያየው። ያን ሌሊት ሰላም ስለነበረ ሰውየው ለመጠራጠር ልብ አገኘ። የኔቶ አውሮፕላኖች የሩሲያን እየጣሉ ባሉበት ሌሊት ቢሆንስ? ሰማይ መዝጋት ማለት በወረቀት የሚዘጋ በር አይደለም፤ የሩሲያን አውሮፕላን መጣል፣ ሩሲያ መሬት ላይ ያለውን ፀረ አውሮፕላንም መምታት ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን እንዳትረሳ።

መንዜው

ገባኝ። ታዲያ ይህንን መልስልኝ፦ ታንክ ከተሰጠ ሩሲያ ቦምቡን ታወጣለች ተባለ፤ ተሰጠ። ረጅም ርቀት ሮኬት ከተሰጠ ተባለ፤ ተሰጠ። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የዩክሬን ጦር ራሱ ኩርስክ ገብቶ የሩሲያን መሬት ያዘ፤ ያ ሁሉ ቀይ መስመር ሲጣስ ቦምቡ አልወጣም። የሚፈራው መሣሪያው ነው ወይስ ማስፈራሪያው?

ፊዚክስ ከጫጫ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። አንድ በአንድ፣ እየተለካ ስለሄደና የገባው የኔቶ ጦር ስላልሆነ ይመስለኛል። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ውጤት ይኖር ነበር ብዬ አልምልልህም። የመለካቱ ዋጋ ግን ለዩክሬን ከባድ እንደነበር እቀበላለሁ፤ መምህር ያሉት መዘግየት የመጣው ከዚሁ ነው።

ሰላ ድንጋይ

ይቅርታ፣ አንድ ያልገባኝ አለ። ኔቶ ዩክሬንን የመከላከል ግዴታ አለበት እንዴ? አባል አይደለችም አይደል?

መምህር ዘጠባሴ

አባል አይደለችም ልጄ። «አንዱን የነካ ሁሉንም ነካ» የሚለው የኔቶ ውል 5ኛ አንቀጽ የሚያስረው በአባላቱ መካከል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እያንዳንዱ አገር አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን ያድርግ ይላል እንጂ ወታደር ይላክ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1949 ከተፈረመ ወዲህ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ነው፤ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ለአሜሪካ። ይህን ጦርነት አይተው ነው ፊንላንድ በ2023፣ ስዊድን በ2024 ገብተው አባላቱ 32 የሆኑት።

ዩክሬን ግን ሁለት ቃል ተሰጥቷታል። የመጀመሪያው ቡዳፔስት ላይ ነው። ሶቪየት ሲፈርስ መሬቷ ላይ 1,900 ገደማ ረጅም ርቀት የሚመታ የኒውክሌር አረር ቀርቶ ነበር፤ አስረክባለች። በለውጡ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ራሷ ሩሲያ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ፈረሙላት። «ቢደፍሩሽ እንዋጋልሻለን» የሚል ቃል ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ቀኑን ልብ በሉልኝ፦ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1994፣ በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1987። ወልወል ላይ ጣሊያን የእኛን ሰዎች የገደለበትና የጦርነቱን ሰበብ ያበጀበት ቀን ኅዳር 26 ቀን 1927 ነው። ልክ 60 ዓመት! ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ሁልጊዜ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ሁለተኛው በ2008 እ.ኤ.አ. ቡካሬስት ላይ ኔቶ «ዩክሬንና ጆርጂያ አንድ ቀን አባል ይሆናሉ» አለ። ቀን አልቆረጠም፣ እስከዚያ ማን እንደሚጠብቃቸውም አልተናገረም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጆርጂያ ከሩሲያ ጋር ጦርነት ውስጥ ገባች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ምንጃር አረርቲ

እስካሁን ያልተነሣውን ላንሣ። «ወራሪ» የሚለውን ማን ነው የሚሰይመው? በ2003 እ.ኤ.አ. ኢራቅ ስትወረር ወራሪዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ ኒውክሌር አላቸው፤ የትኛው ኪዳን ነው ለባግዳድ የደረሰው? ኔቶ ራሱ በ1999 ሰርቢያን ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ደበደበ። ሊቢያ የኒውክሌር ፕሮግራሟን በ2003 ተወች፤ በ2011 የኔቶ ቦምብ ወረደባት። ሰሜን ኮሪያ ይህን አይታ ምን የተማረች ይመስላችኋል? ሕጉ ለሁሉም እኩል ካልሠራ እኔ ለዚህ ኪዳን ግባ ብዬ አላጨበጭብም። የዩክሬን ሰው ይሙት ማለቴ አይደለም፤ የኢራቅም ሰው ሰው ነው ማለቴ ነው።

የቃኘው የልጅ ልጅ

ምንጃር፣ ኢራቅ ላይ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ያኔ ያልደረሰ ስለነበረ ዛሬ አይድረስ ማለት ካሣ አይሆንም። እኛም እኮ ደርሶልናል። በሐምሌ 1969 ሶማሊያ ስትወረን የሶቪየት መሣሪያና ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደር ባይመጣ ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ይመለስ ነበር? የአባቶቻችን ደም እንዳለ ሆኖ።

አያቴ ደግሞ ኮሪያ የዘመተ ነው፤ ቃኘው ሻለቃ። ሶቪየት የመጀመሪያ ቦምቧን የፈተነችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኮሪያ ጦርነት በ1950 ተነሣ። የሶቪየት አብራሪዎች ሚግ 15 ላይ የሌላ አገር ምልክት ቀብተው ይዋጉ ነበር፤ አሜሪካ ታውቃለች፣ ግን ነገሩ እንዳይሰፋ አትናገርም። ጄኔራል ማካርተር ጦርነቱ ወደ ቻይና ይስፋ ብሎ ሲገፋ ትሩማን በሚያዝያ 1951 እ.ኤ.አ. ሻረው። ስለዚህ መግባትም፣ ገብቶ ወሰን ማበጀትም ይቻላል። አያቴ ብርዱን ሲያወራ «የደብረ ብርሃን ብርድ እዚያ ሲታይ ጋቢ ነው» ይል ነበር፤ ከብርዱ በላይ ግን የሚያንገበግበው አንድ ኮረብታ ስንት ጊዜ እንደ ተያዘና እንደ ተለቀቀ ነው። ሦስት ዓመት፤ መጨረሻው ከተጀመረበት መስመር ብዙም ያልራቀ ተኩስ አቁም። ለደቡብ ኮሪያ ሰው ግን ያ መስመር ሕይወት ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ልብ ነኝ፤ አያቴ ግን አልነበረም፣ «ጥሩን፣ ሄድን፣ ደግ አደረግን» ነበር የሚለው።

እመ ሮቢት

ልጆቼ፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። በ2014 ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ «እዚህ አይደርስም፣ ተረጋጉ፣ የሚከላከል አለ» ተባልን። ጎረቤቶቻችን ግማሹ በመኪና ወጣ። እኔና እህቴ ቃሉን አምነን ቀረን። ሊጥ አቡክቼ ነበር፤ ማታ ተኩሱ ሲቀርብ ምን እንደምይዝ ጠፍቶኝ ቡኾውን በባልዲው አዘልኩ። ለልጆቹ የሚበላ ሌላ አልነበረም። መኪና ጠፍቷል፤ በእግር ወደ ደብረ ሲና አቀናን። መንገድ ላይ ቡኾው ሙቀት አገኘና ገነፈለ፤ በጀርባዬ ወርዶ ቀሚሴን አጣበቀው፤ ጣርማበር ስንደርስ ብርዱ አድርቆት እንደ ቆዳ ሆኖ ነበር። እህቴ ጉልበቷ አይሄድላትም፤ ቀረች። በኋላ በሕይወት አገኘኋት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያየችውን ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ያንን ቃል የሰጠን ሰው ክፉ ነው አልልም፤ ምናልባት እሱም አምኖት ነበር። ግን «መከላከላችን አይታወቅም፣ ውጡ» ቢለን ኖሮ መኪና እያለ እህቴን ጭኜ እወጣ ነበር። እናንተ ይግባ አይግባ ትላላችሁ። እኔ የምለው፣ የሚመጣ ከሆነ መቼና በምን እንደሚመጣ ይናገር፤ የማይመጣ ከሆነም በቀን ብርሃን አልመጣም ይበል። የዚያች የድስቷ ባለቤትም እንደ እኔ «ይመጣሉ» ብላ ሳትጠብቅ አልቀረችም።

የጅሩ ልጅ

እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት። ከዚህ በኋላ ስለ ማዳበሪያ ማውራት ከበደኝ።

እመ ሮቢት

አይክበድህ ልጄ፤ እኔም ያንን ስንዴ ነው የምበላው።

መምህር ዘጠባሴ

እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ያነበብኩትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ሁለታችንም ቁርስ አልበላንም።

መጀመሪያ ስጽፍ ስለ መሣሪያ ብዛትና ጊዜ ነበር የጻፍኩት፤ ያንን አሁንም አልቀየርኩም። ቅደም ተከተሉን ግን አሳስቼዋለሁ። ጄኔቫም፣ ቡዳፔስትም፣ ቡካሬስትም ላይ የተበደለው ሰው የተበደለው እርዳታ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ የሚመጣ መስሎት ስለ ተቀመጠ ነው። እኛ በማኅበሩ ቃል ባንተማመን ኖሮ በ1927 ምን እናደርግ ነበር? ዩክሬን አረሩን ስታስረክብ ወረቀቱ ላይ ያለው «እናከብራለን» እንጂ «እንዋጋለን» እንዳልሆነ አንድ ሰው ጠረጴዛውን መትቶ ቢነግራትስ ምን ትጠይቅ ነበር? ቦምብ ያለውን ወራሪ በጦር መግጠም የማይፈልግ ኪዳን ይህንኑ አስቀድሞ፣ ወረራው ሳይመጣ፣ ለጎረቤቶቹ ይንገራቸው፤ ከጦር በቀር የሚሰጠውንም በቁጥርና በቀን ይጻፍላቸው። ፊንላንድ የተማረችው ይህንን ነው ማለት ይቻላል፤ በጭላንጭል ቃል መኖር ትታ ገባች።

ምንጃር፣ የአንተን ጥያቄ አልመለስኩም። ኢራቅን በተመለከተ መልስ የለኝም፤ ሲያምታቱ የሰማኋቸውን መልሶች ልደግምልህ አልፈልግም።

መንዜው

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አሁንም አልተስማማሁም። «አልመጣም» ብሎ አስቀድሞ መናገር ለተወራሪው እውነት ነው፤ ለወራሪው ደግሞ የመግቢያ ፈቃድ ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ሳይጀመር በፊት ወታደር አንልክም ስትል ሞስኮም ሰምታለች። ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ሁለት ጊዜ ታስብ ነበር።

ፊዚክስ ከጫጫ

ይህ ከባዱ ቋጠሮ ነው። ለአንዱ የምትነግረውን ሌላው ይሰማል። መፍቻው አልታየኝም።

መንዜው

ዋሻውን ማየት የሚፈልግ ካለ ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ኑ፤ መሐል ሜዳ ድረስ እኔ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። መምህር፣ እኒያን ሽማግሌም ይዘዋቸው ይምጡ፣ በቅሎ አዘጋጃለሁ። የእጅ ባትሪ አትርሱ፤ ጎተራው ያለው ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ነው።

መምህር ዘጠባሴ

ነግሬያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል። አባታቸው እዚያ የቀረች እህት እንደ ነበረቻቸው ዛሬ ነው የነገሩኝ።